በስካይሪም ለየትኛው ወገን ልደር?

የአራት ኪሎው፦

ሰላም ለሁላችሁም። በእርስ በርስ ጦርነት በምትታመስ ምናባዊ አገር የሚካሄደው የቪዲዮ ጌም ስካይሪም እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ ወዲህ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊትና ከዐማፂዎቹ ለየትኛው ይታደር የሚለው ይህ ጥያቄ ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንደወደቀ መገመት አያዳግተኝም፤ ሆኖም እኔ ጌሙን ሳይንተፋተፍ የሚያጫውት ላፕቶፕ ያገኘሁት ዘንድሮ ነውና፣ ለእናንተ የከረመው ነገር ለእኔ ትኩስ መሆኑን ተረድታችሁ እንድትታገሡኝ እጠይቃለሁ።

የምጫወተው ከሥራ በኋላ ነው። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ የሚያደርሰኝን ታክሲ ተሰልፌ፣ ራት በልቼ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስቀመጥ ታናሽ እህቴ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ትሰየማለች። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እርሷ ግን ትፈርዳለች። ገና በመጀመሪያው ምሽት፣ እጃችን ታስሮ በጋሪ ወደ ሄልገን ከተወሰድንና አንገቴ ግንዱ ላይ ከተጋደመ በኋላ ዘንዶው ደርሶ ከተማውን ሲያነድደው፣ ሁለት ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ ጠሩኝ። አንደኛው የስም ዝርዝሩን ይዞ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ወታደር ሃድቫር ሲሆን፣ ሁለተኛው በጋሪው ላይ አብሮኝ የታሰረው ዐማፂው ራሎፍ ነው። እህቴ አላመነታችም፤ «ስምህ በዝርዝሩ ላይ እንደሌለ እያየ፣ ሻምበሏ ‹ይሙት› ስትል እሺ ያለውን ሰው ትከተላለህ?» አለችኝ። ራሎፍን ተከተልኩ።

ሪቨርውድ ስንደርስ የራሎፍ እህት ጌርዱር ስንቅ አካፍላ የቤቷን ቁልፍ ሳይቀር ሰጠችኝ። ከደጇ ወጥቼ ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ግን የብረት ቅጥቀጣ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥቃጩ አልቮር የሃድቫር አጎት ነው። ከሁለት አቅጣጫ የጠሩኝ ሰዎች የአንዲት መንደር ልጆች ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደ መጀመሪያው ምሽት ቀላል አልሆነልኝም። ለዐማፂዎቹ ለመመዝገብ ወደ ዋና ከተማቸው ወደ ዊንድሄልም ስሄድ ደግሞ፣ ገና በሩን እንዳለፍኩ ሁለት ሰዎች አንዲትን ጥቁር ኤልፍ መንገድ ላይ አቁመው ሲዘልፏት ደረስኩ። እህቴ ያን ጊዜም አልማረችኝም፤ «ለእነዚህ ነው የምታድረው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም የዐማፂዎቹን መሪ ኡልፍሪክን ሳላየው ተመለስኩ።

በዚህ መሀል ሌሎቹን ማኅበራት ሞከርኩ። በጥቂት ምሽት ውስጥ ኮምፓኒየንስ የተባሉት ተዋጊዎች አለቃ ሆንኩ፤ «ጓዶቹ» ብዬ እንዳልተረጉማቸው ሌላ ዘመን ያስታውሰኛል። የዊንተርሆልድ የአስማት ኮሌጅም የበላይ አደረገኝ፤ አስማት ብዬ የተጠቀምኩበት ነገር ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለት ትልልቅ ሹመት ስቀበል «ሹመት ያዳብር» የሚለኝ ሰው ጠፍቶ፣ የከተማ ዘብ ስለተሰረቀ ጣፋጭ ዳቦ ሲያሾፍብኝ ደስታዬ ሁሉ ተነነ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የትኛው ወገን የተሻለ ሰይፍ ወይም ቤት ይሰጣል ብዬ አይደለም። የትኛውን ወገን ከልባችሁ ወደዳችሁት፣ ምንስ አድርጎላችሁ ወይም ምን አስደርጓችሁ ነው የወደዳችሁት? ከስካይሪም ውጭ ያለ ምሳሌም ቢሆን እቀበላለሁ።

የለገሃር ሰው፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የቆየ ቢሆንም የሪቨርውድን ነገር እንደዚህ አድርጎ ያነሣው ሰው አላጋጠመኝም። ሦስት ጊዜ ያህል ስለጨረስኩት ልምዴን ላካፍልዎ፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምጽፈው ታሪኩን ስለሚገልጥ፣ ራስዎ ሊደርሱበት ከፈለጉ ይለፉት።

ጌሙን የጀመርኩት ፒያሳ ውስጥ በነበረ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሌላው ሁሉ ኳስ ሲጫወት እኔ ጥግ ላይ ባለችው ፕሌይስቴሽን 3 ተቀምጬ፣ በየመደርደሪያው ያለውን የጌሙን መጽሐፍ እየገለጥኩ አነባለሁ፤ ክፍያው በሰዓት ነበርና ባለቤቱ «አንተ ሰው፣ ገንዘብህን ለንባብ ነው የምታወጣው?» ይለኝ ነበር። በዚያ ማሽን ላይ የሴቭ ፋይሉ (የደረስኩበትን የሚያስቀምጠው መዝገብ) ባበጠ ቁጥር ጌሙ እየከበደው ይሄዳል፤ ታግሼ ከ40 ሰዓት በላይ ከገፋሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ስመጣ አንድ ልጅ በእኔ ሴቭ ላይ የራሱን ጽፎበት አገኘሁ። ያዘንኩትን ያህል በኋላ ጠቅሞኛል፤ እንደ አዲስ ስጀምር ሌላውን ወገን መረጥኩና ሁለቱንም ለማየት በቃሁ።

መጀመሪያ ያደርኩት ለዐማፂዎቹ ነበር። ምክንያታቸው አንጀት ይበላል፤ ለ4 ዓመት ከተካሄደው ታላቅ ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከታልሞር ኤልፎች ጋር በፈረመው ውል የታሎስ አምልኮ ተከልክሏል፤ ሰው በገዛ አገሩ አምላኩን በስውር እንዲያመልክ ተፈርዶበታል። ይህን ይዤ ወደፊት ስገፋ ኡልፍሪክ የገዛ መጥረቢያውን ሰጥቶ ለኋይትረኑ ገዥ ለባልግሩፍ አድርስ አለኝ። ባልግሩፍ መጥረቢያውን መለሰልኝ፤ መመለሱ ጦርነት ማለት ነው። ይህ ሰው ዘንዶ በገደልኩ ጊዜ የማዕረግ ስም የሰጠኝ፣ በከተማው ቤት እንድገዛ የፈቀደልኝ፣ ከሁለቱም ወገን ርቆ ሕዝቡን ለማትረፍ የሞከረ ነው። በሚቀጥለው ምሽት ስንቅ የምገዛባቸው ቤቶች ሲነድዱ በመካከላቸው ሮጬ አለፍኩ፣ ድልድዩን አወረድኩ፣ በገዛ አዳራሹ ውስጥ ሰይፍ መዝዤ ቆምኩበት። እጁን ከሰጠ በኋላ የሚናገረውን ቆሜ መስማት አቃተኝ። ከጦርነቱ በኋላ ሶሊቲዩድ ሄደው በሰማያዊው ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ቢፈልጉት ከልጆቹ ጋር ተሰድዶ ያገኙታል።

በሁለተኛው ዙር ለንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት አደርኩ። በዚያ በኩል ኋይትረንን የሚከላከሉት እርስዎ ስለሆኑ እጅዎ ከዚህ ነገር ይነጻል፤ ነገር ግን ድል ሲሆን በሪፍተን ወንበር ላይ ማን እንደምትቀመጥ ይመልከቱ፤ ከተማውን በገንዘቧ የያዘችው፣ ሌቦቹንም የምታሽከረክረው ሜቨን ብላክ ብራየር ናት። በሌላው በኩል ዐማፂዎቹ ካሸነፉ ማርካርትን የሚረከቡት የብር ማዕድኑ ባለቤቶች፣ ሲልቨር ብለዶች ናቸው። ሹም ሽሩ በሁለቱም በኩል ለባለ ገንዘብ ያደላል፤ ይህንን የጻፈው ሰው አገር ያየ ነው እላለሁ።

የእኔን ሐሳብ ያጸናው ግን አንድ ወረቀት ነው። በዋናው ታሪክ ወደ ታልሞር ኤምባሲ በግብዣ ሰበብ ሲገቡ፣ የኤምባሲዋን ሹም ሣጥን ሳይፈትሹ እንዳይወጡ። የኡልፍሪክ ፋይል በዚያ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ተማርኮ ተመርምሯል፤ ዋና ከተማው የወደቀው እርሱ ባወጣው ምስጢር እንደሆነ አሳምነው ለቀውታል፤ ከተማው ግን ቀድሞ ወድቆ ነበር። ፋይሉ የዐማፂዎቹም ድል ቢሆን እንደማይፈለግ ይናገራል፤ የሚፈለገው ጦርነቱ ሳያልቅ እንዲቆይ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄው «ማን ትክክል ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ቶሎ ይጨርሰዋል?» ሆነብኝ። መልሴ ሠራዊቱ ነው፤ ፍቅር ግን አልለውም።

ቀስተኛዋ፦

በጋሼ የለገሃሩ ሰው መልስ እስማማለሁ፤ የምቃወመው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኔ ሠራዊቱን ወድጄው ነው ያደርኩለት። ምክንያቱም በዊንድሄልም ጥቁር ኤልፎቹ «ግራጫው ሰፈር» በሚባለው ጠባብ መንደር ተገፍተው ይኖራሉ፤ እንሽላሊት መሳዮቹ አርጎኒያኖች ደግሞ ከነጭራሹ ከቅጥሩ ውስጥ ማደር ተከልክለው ከውጭ በወደቡ ላይ ጭነት ይሸከማሉ። እኔ የምጫወተው በአርጎኒያን ገጸ ባሕርይ ነበር። ለኡልፍሪክ ብዋጋና ድሉን ባመጣለት የእኔ ዘመዶች ያው ወደቡ ላይ ናቸው። ሠራዊቱ ካሸነፈ ግን ዊንድሄልም የሚሰጠው ለብሩንውልፍ ነው፤ ጥቁር ኤልፎቹ ራሳቸው ወዳጃችን የሚሉት ኖርድ፣ ማለትም የአገሬው ሰው። እርግጥ ነው፣ በሄልገን አንገቴን ሊቀሉኝ የነበሩት እነዚሁ ናቸው፤ ይቅር ማለት ከብዶኝ ነበር። ወገን ሲመርጡ የሚጫወቱበትን ገጸ ባሕርይ ዘር ቢያስቡበት መልሱ ግማሽ መንገድ ይመጣልዎታል።

ባለ እንጉዳዩ ማማ፦

ከስካይሪም ውጭም ይፈቀዳል ስለተባለ ነው የምጽፈው። የኮሌጁ ሹመት ያልጣፈጠዎ ለምን እንደሆነ የሚገባዎ፣ የዚሁ ተከታታይ ቀዳሚ የሆነውንና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ሞሮዊንድን ሲጫወቱ ነው። በዚያ ጌም ማንም ማኅበር ያለ ሙያ አያሾምም። ለእያንዳንዱ ማዕረግ ይህን ያህል ጉልበት ወይም ብልኀት፣ ይህን ያህል የሙያ ደረጃ ተብሎ ተቆርጧል፤ ካልሞሉት አለቃው ገና ነህ ብሎ ይመልስዎታል። ከሦስቱ ታላላቅ ቤቶች (ገዥ ወገኖች)፣ ከህላሉ፣ ከሬዶራንና ከቴልቫኒ፣ ወደ አንዱ ከገቡ ደግሞ የሁለቱ በር ይዘጋብዎታል። እኛ «ሁለት ባላ ትከል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይህ መጀመሪያ ያስከፋል፤ እኔም አኩርፌ ነበር።

ቤቶቹን በአጭሩ ላሳይዎ። ሬዶራን የጦረኛና የክብር ቤት ነው፤ ስለ ክብር ሲያወሩ ግን ማቆሚያ የላቸውም። ህላሉ ነጋዴ ነው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የእኛ ተረት ለምክር ቤቱ የተጻፈ ይመስላል፤ ከአባላቱ አንዱ የአገሪቱ የወንበዴ ማኅበር አለቃ ሲሆን ወንድሙ ደግሞ የክልሉ መስፍን ነው። እኔ ያደርኩት ለሦስተኛው፣ ለቴልቫኒ ነው። በግዙፍ እንጉዳይ ውስጥ የሚኖሩ ሽማግሌ ጠንቋዮች ናቸው። ማማቸው ደረጃ የለውም፤ ወደ ጌታው ለመውጣት በአየር መንሳፈፍን ማወቅ አለብዎ፤ የማያውቅ እንግዳ ታች ቆሞ ይቀራል። ደጅ ጥናት ማለት ይህ ነው! ክፉዎች ናቸው፤ ባሪያ ያሳድራሉ፣ ክርክርን በመግደል መፍታት ነውር አይደለም ይላሉ። ታዲያ ለምን ወደድካቸው ይሉኝ ይሆናል። ስለማይዋሹ ነው። ሌሎቹ የሚያደርጉትን በክብር ስም ሸፍነው ሲያደርጉት እነዚህ በግልጽ ያደርጉታል። ደግሞም የዋናው ታሪክ አንድ ምዕራፍ የቤቶቹን ሁሉ ድጋፍ ይጠይቃል፤ የቴልቫኒው የበላይ ጎትረን ዘንድ ለዚህ ጉዳይ ሲቀርቡ ሰውየው አያሌ ጊዜ ቢመላለሱ ውሳኔ አይሰጥም፤ ጉዳዩ ገና እየታየ ነው ዓይነት መልስ ይሰጣል። ማኅተም ፍለጋ በየቢሮው ደጃፍ የተመላለሰ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መናገር አያሻም። በቴልቫኒ ሥርዓት መፍትሔው አንድ ነው፤ ጎትረንን መግደል።

ነገር ግን ስለ ማደር እውነተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ከቤቶቹ አይደለም። በባልሞራ የተዋጊዎች ማኅበር ገብቼ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ከአንዲት ሴትዮ ቤት አይጥ ማጥፋት ነው፤ ሴትዮዋ ትራስ ሰብሳቢ ናት፣ ክፍሉ ሁሉ ትራስ ነው። ጥቂት እንደሠራሁ አለቃዬ ከአንዲት ሶቲልዴ ከምትባል ሴት የምስጢር ጽሑፍ መፍቻ መጽሐፍ አምጣ አለችኝ። ሶቲልዴ የምትገኘው ደቡብ ግንብ በሚባለው መጠጥ ቤት ነው። ሄጄ ሳያት አወቅኋት፤ ቤቱ የሌቦች ማኅበር መሸሸጊያ ነው፣ እኔም ከእነርሱ ጋር ስሠራ ነበር። ያን ያህል ጊዜ የማይገናኙ የመሰሉኝ ሁለት ሥራዎቼ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። ለካ የተዋጊዎቹ የበላይ ለወንበዴዎቹ አድሮ ኖሯል፤ ትእዛዙም ከዚያ የመጣ ነው። አልድሩን በተባለው ከተማ ያለው አሮጌው የማኅበሩ ሹም ፐርሲየስ ዘንድ የሄደ ብቻ ሌላ መንገድ እንዳለ ይነገረዋል። ማንም ግን ወደ እርሱ ሂድ አይልዎትም። ያን ምሽት ጌሙን ዘግቼ መጽሐፉን ላምጣ ወይስ ልተው እያልኩ አደርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ በቆየ ጌም እንቅልፍ አጣሁ ብል የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

የከተማው ወሬኛ፦

አሳጥሬ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የጀርመኖቹ ጌም ጎቲክ በአስማት ግርዶሽ ውስጥ ያሉ ሦስት የእስረኞች ሰፈሮችን ያቀርባል። ወደ አሮጌው ሰፈር ለመግባት በየጎጆው እየዞሩ የሰዎችን ድጋፍ ይለምናሉ፤ ከዚያም የዚያ ሰፈር ሰው የሆነው ዲዬጎ ከማዕድን ማውጫው አንድ የዕቃ ዝርዝር እንዲያመጡ ይልካል። ዝርዝሩን ይዘው ወደ አዲሱ ሰፈር ሄደው እዚያ ላለው ለላሬስ ቢሰጡት እዚያ ይጠቅምዎታል። ለመታመን የተሰጠ ሥራ በራሱ ለመክዳት በቂ ዕቃ መሆኑ በጣም ይገርመኛል። የታሪኩ ሁለተኛ አጋማሽ ግን የትም ቢገቡ ወደ አንድ መንገድ ስለሚያመጣዎ ምርጫው እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በዚህ በኩል ዊቸር 2 የተባለው ጌም ይበልጠዋል፤ ከሁለቱ ተቀናቃኞች ከሮሽና ከዮርቬት አንዱን ሲመርጡ ሁለተኛው ምዕራፍ ከነቦታው ይለወጣል፣ ያልመረጡት ሰው ሰፈር ምን እንደሆነ ለማየት ጌሙን እንደገና መጀመር ይኖርብዎታል።

ለጠያቂው ወደ ስካይሪም ልመልስዎ። በእርስ በርስ ጦርነቱም ይህን የመሰለ ነገር አለ። በአንዱ ወገን ከተመዘገቡ በኋላ ኮርቫንጁንድ ከሚባል የጥንት መቃብር ሾጣጣውን ዘውድ እንዲያመጡ ይላካሉ። ዘውዱን ላኪዎ ዘንድ ሳይሆን ጠላቱ ዘንድ ወስደው መስጠት ይችላሉ፤ ይቀበልዎታል። ወገን ለመለወጥ የመጨረሻው ዕድል ያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

የአራት ኪሎው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼ የለገሃሩ ሰው ስለ ሣጥኑ የነገሩኝን ትናንት ፈጸምኩ። ፋይሉን ለእህቴ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት፤ ለወትሮው ፈጥና የምትፈርደው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ቆይታ ግን «ታዲያ የተታለለ ሰው ጥፋተኛ ነው?» ብላኝ ሄደች፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ሶሊቲዩድ ሄጄ ለንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተመዘገብኩ። ፈተናው ከፎርት ህራግስታድ ሽፍቶችን ማጽዳት ነበር፤ በመካከሉ መብራት ጠፍቶ፣ የላፕቶፑም ባትሪ ዐቅም የለውምና ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ቃለ መሐላውን ስፈጽም የቀስተኛዋን ወደብ እያሰብኩ ነው የማልኩት። ወደ ኮርቫንጁንድ ስንገባ ደግሞ ከፊቴ ሃድቫር ቆሞ አገኘሁት፤ ያ የዝርዝሩ ሰው አሁን ከጎኔ ሊዋጋ ነው። ከሙታኑ ጋር ስንዋጋ ሁለት ጊዜ ከፊቴ ገብቶ የእኔን ምት ተቀበለልኝ።

ዘውዱን አገኘሁ። የሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ቱሊየስ ይጠብቀኛል፣ ኡልፍሪክም ቢሆን እንደሚቀበለኝ አሁን ዐውቄአለሁ። እህቴ ግን ፈተና ላይ ስለሆነች እስከ ዓርብ ድረስ ላፕቶፑ አጠገብ እንዳትደርስ እናታችን ከልክላታለች፤ እርሷ ሳትኖር ለማንም አላስረክብም። ዘውዱ እስከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ ይቆያል።